«አዎ» ስል «አይ» ማለቴ ነበር

መምህር ብላችሁ አትጥሩኝ። ይህን የምለው ከትሕትና አይደለም፤ ትሕትና ቢኖረኝ ኖሮ አሁን የማወራችሁ ነገር ባልደረሰ ነበር። አገር ቤት አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። እዚህ አትላንታ ዳር ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ቫን ነድቻለሁ፤ አዛውንቶችን ከቤታቸው አንስቼ ሐኪም ዘንድ አደርሳለሁ፣ መልሼም አመጣለሁ። ሆኖም አንድም ሐበሻ «ሾፌሩ» ብሎኝ አያውቅም። የኢንሹራንስ ደብዳቤ የደረሰው፣ ፎርም የሚያስሞላ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ወረቀት ያመጣበት ሁሉ «መምህር» እያለ ይመጣል። እኔም ያልገባኝን ገብቶኛል እያልኩ ስሙን አጣጥሜ ኖርኩ።

ከማስተማር ዘመኔ አንዲት ትምህርት ብቻ ልንገራችሁ፤ ኋላ ታስፈልገናለች። ፈረንጅ «አልበላህም?» ብሎ ቢጠይቅህ፣ ካልበላህ የምትመልሰው «ኖ» ብለህ ነው። እኛ ግን «አልበላህም?» ስንባል፣ ያልበላን እንደሆነ «አዎ» እንላለን፤ አዎ፣ ልክ ነህ፣ አልበላሁም ማለታችን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳቸው ልጆች በሙሉ በዚህች ይወድቁ ነበር። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ እያደረግኩ «‹የስ› ካልክ በልቻለሁ ማለትህ ነው፤ ፈረንጅ አገር ብትሄድ ጦምህን ታድራለህ» እያልኩ እስቅባቸው ነበር። ዛሬ አንዳቸው ቢያገኙኝ የሚሉኝ አያጡም።

የምኖርባት ከተማ ከስማይርና ወዲህ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ መንገድ የምትመራኝ የስልኬ ሴትዮም አስተካክላ አትጠራትም። ትንሽ ብትሆንም የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ አሮጌ አዳራሽ አላት። አዳራሹ ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር ይላሉ። አሁን በእንጨት ግድግዳ ተከፋፍሎ ከተማው ለትንንሽ ነጋዴዎች ያከራየዋል። ቁልፍ የሚቀርጽ ሜክሲኳዊ አለ፣ ጫማ የሚያድሱ ኮሪያዊ ሽማግሌ አሉ፣ ከጥጉ ላይ ደግሞ እትዬ ዘይነባ አሉ።

እትዬ ዘይነባ የደሴ ሰው ናቸው፤ ልብስ ሰፊ። በዚህ አካባቢ የሚኖረውን ሐበሻ ሱሪ ሁሉ ያሳጠሩት እሳቸው ናቸው፤ አሜሪካ ሱሪ የምትሠራው ለሌላ ቁመት ነውና። የክርስቲያኑን ነጠላ ይዘመዝማሉ፣ የሆቴል ሠራተኛውን ዩኒፎርም ያጠባሉ። ከመደርደሪያቸው ላይኛው ረድፍ ግን የማይሸጥ ነጭ ጨርቅ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ሙስሊሙ ሰው ሲሞትበት ከፈን የሚቆረጠው ከዚያ ነው፤ ለዚያ ሥራ ዋጋ ጠይቀው አያውቁም። ባላቸውንም የሸኙት ከዚያው ቆርጠው ነው። ከባላቸው ሞት ወዲህ ከልጃቸው ከሳሚራ ጋር አፓርታማ ይኖራሉ፤ መኖር የሚሉት ግን ሱቁን ነበር። አንድ ቀን ሱሪዬን እየለኩ «እዚህ ስቀመጥ ሰው ነኝ፤ አፓርታማው ውስጥ ስቀመጥ የቤት ዕቃ ነኝ» ብለውኛል። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ስለዚያች ክፍል ነው።

ሰመር ሊያልቅ ሲል እትዬ ዘይነባ ደወሉልኝ።

«መምህር፣ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈዋል። ፊደሉን ቆጥሬ ቆጥሬ አንዷን ቃል አገኘኋት፤ ቻርተር ትላለች። ለሐጅ ወደ ጂዳ የሚሄደው አውሮፕላን ነው?»

«አይመስለኝም፤ እመጣለሁ» አልኳቸው።

ስደርስ ጌታቸው ቀድሞኛል። ጌታቸው ወዳጄ ነው፤ ማሪዬታ ትልቅ ቤት ገዝቶ ይኖራል፤ ቤቱ በጣም ትልቅ ስለሆነ ይመስለኛል ከእትዬ ዘይነባ ሱቅ አይጠፋም። እሱ ደግሞ ቻርተር የሚለውን ቃል መጨረሻ የሰማው አገር ቤት መንግሥት ሲለወጥ በሬድዮ ነበር፤ በወሩ ከሥራው ተባሯል። «ይሄ ቃል ለማንም በጎ ይዞ መጥቶ አያውቅም» ብሎ በር በሩን እያየ ቆሟል። ሳቅኩበት። ከዚያ ወረቀቱን አነበብኩና ሳቄ ቀረ።

ቻርተር ማለት የከተማዋ ሕገ መንግሥት ማለት ነው። በነባሩ ቻርተር መሠረት ከተማው የራሱን ንብረት ከመሸጡ በፊት ሕዝብ ጠርቶ መስማት አለበት፤ የፈለገ ሰው ተነሥቶ ይናገራል፤ ከዚያ የምክር ቤት አባላት ፊት ለፊት እጅ ያወጣሉ። አሁን ይሻሻል የተባለው ይኼው ነው። ስብሰባው ይቅርና የከተማው ሥራ አስኪያጅ ብቻውን ይፈርም ተባለ። ለምን ቢሉ ሥራ ለማቀላጠፍ። የሚቀላጠፈው ሥራ የቱ እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል፤ አዳራሹን ገዝቶ ከሥር ቢራ ቤት፣ ከላይ ኮንዶ ሊያደርገው የሚፈልግ ሰው ከመጣ ቆይቷል። ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ሕዝብ ፈርቶ መልሶታል። ማሻሻያው በኖቬምበር ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባል ይላል ወረቀቱ።

ይህን ሁሉ በአማርኛ ስነግራቸው እትዬ ዘይነባ መርፌያቸውን አቆሙ።

«እና ካለፈ እኔ የት እሄዳለሁ?»

«አያልፍም» አልኩ። የመጀመሪያዋ ስህተቴ ይህች ናት፤ ሌሎቹ ከዚህች ተወለዱ።

ድምፅ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሥራ እንደሚሠራ ልብ በሉ። ጌታቸው ማሪዬታ ስለሚኖር በእኛ ከተማ ድምፅ የለውም። ድምፅ ግን አለው፤ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ያናውጣል። እትዬ ዘይነባ ደግሞ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው፤ ድምፅ ግን አላቸው፤ ዜግነት የወሰዱት ባለፈው ዓመት ነው። ለፈተናው ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ፤ አንድም ጥያቄ አልሳቱም። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡ ስለሆነ አዲስ ጉርድና ሸሚዝ ለራሳቸው ሰፍተው አስቀመጡ። የሚመርጡበትን ልብስ በእጃቸው የሰፉ ሌላ ዜጋ በጆርጂያ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከምርጫው በፊት ምክር ቤቱ በጉዳዩ ላይ ሕዝቡን ለመስማት ተቀመጠ። ለተናጋሪ የተፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። ስሜን አስመዘገብኩ። እትዬ ዘይነባ ከፊት ረድፍ ተቀመጡ፤ ጌታቸው ነዋሪ ስላልሆነ ከኋላ ቆሞ በዓይኑ እንዲደግፈኝ ተስማማን።

ማይክሮፎኑን ያዝኩና ጀመርኩ። ክቡር ከንቲባ፣ የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ ክቡራትና ክቡራን አልኩ። ለዚህ ቀን ያደረሰንን ፈጣሪ አመሰገንኩ። ይህንን ዕድል የሰጠችኝን አገር አመሰገንኩ። ስለ እንግሊዝኛዬ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ቀጥዬ እንግሊዝኛ አስተማሪ እንደነበርኩ ገለጽኩ፤ ሁለቱ ስላልተጣጣሙ ደግሞ ሦስተኛ ዐረፍተ ነገር ጨምሬ አስታረቅኳቸው። ፊቴ ያለው አረንጓዴ መብራት ቢጫ ሲሆን ንግግሬ የጣማቸው መስሎኝ ሞቅ አደረግኩት። የከንቲባውን ጤንነት ጠየቅኩ፤ የቤተሰባቸውንም። ሰው ፊት ቆመህ ሰላም ሳትል ወደ ጉዳይህ ብትገባ እብድ ነው የሚሉህ፤ እኔ ያደግኩት እንደዚያ ነው። «አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ» ስል መብራቱ ቀላ፤ አንድ ነገር ጢጥ አለ።

«በጣም እናመሰግናለን ጌታዬ፤ ቀጣይ» አሉ ከንቲባው።

ወደ መቀመጫዬ ስመለስ እትዬ ዘይነባ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጥሩ ተናገርክ። ምን አሉህ?»

«አመሰገኑኝ።»

ውሸት አልነበረም። ሊሰረዝ የታሰበውም ሰው ተነሥቶ የሚናገርበት ያው ሦስት ደቂቃ ነው እንግዲህ። እኔም ለምን እንደሚሰርዙት አንድ ተጨማሪ ምክንያት ሰጥቻቸው ወጣሁ።

በንግግር ያጣሁትን በጽሑፍ ልመልስ ብዬ በራሪ ወረቀት አዘጋጀሁ። ከአገር ቤት ይዤው በመጣሁት አሮጌ ላፕቶፕ በአማርኛ ጻፍኩት። ጌታቸው አጭር አድርገው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከተማ ምን እንደሆነ፣ ሕግ ምን እንደሆነ፣ ሕዝብ ምን እንደሆነ ካላስረዳሁ ሰው አይገባውም ብዬ አንድ ሙሉ ገጽ ሞላሁ። ከመጨረሻው መስመር ላይ፣ ደመቅ አድርጌ፣ «ኖ የሚለውን መንካት ነው» አልኩ። ሦስት መቶ ቅጂ አስባዝቼ በየመስጊዱና በየቤተ ክርስቲያኑ በር፣ በየሐበሻ ሱቁ አደልኩ።

የአገር ቤት ወረቀት ከአሜሪካ ወረቀት በአንድ ጣት እንደሚረዝም ታውቁ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ላፕቶፑ የለመደው የአገር ቤቱን ነው። የማባዣው ማሽን ደግሞ ከግርጌ የተረፈውን አንድ ጣት ሳይጠይቅ ቆርጦታል። ነገሩን ያየው ጌታቸው ነው፤ ወረቀቱን ለእትዬ ዘይነባ ጮክ ብሎ አነበበላቸውና መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«‹ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ ማድረግ ያለባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም።›» ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው። «እሱም ምንድን ነው?»

ሦስት መቶ ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ እሱም ምንድን ነው እያለ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እንደገና እናባዛ ወይ ቢሉኝ እልህ ያዘኝ። «ለአንዲት ቃል ብለን ሦስት መቶ ወረቀት? በአፍ እንነግራቸዋለን» አልኩ። እትዬ ዘይነባም የስልክ ግሩፕ አለን፣ እኔ አስተላልፋለሁ አሉ። በአፍ እንነግራቸዋለን ያልኩባትን አፌን አንዳንዴ መስተዋት ፊት ቆሜ አያታለሁ።

የምርጫው ማክሰኞ ደረሰ። ከአሠሪዬ ከሰዓት በኋላውን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ቫኑንም ለመንኩት፤ ሰጠኝ። ጠዋት ግን ኩላሊታቸውን የሚያሳጥቡ አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ማድረስ ነበረብኝ። ሀይዌይ ላይ እንዳለሁ ከእትዬ ዘይነባ የድምፅ መልእክት ገባ። ባልቴቷም እየሰሙ በቫኑ ስፒከር ከፈትኩት።

«መምህር፣ ሰዎቹ እየጠየቁኝ ነው። እንግዲህ አይለወጥ ነው አይደል የምንለው?»

መቶ ጊዜ የተነጋገርንበት ጉዳይ ነው። ከፊቴ ትልቅ የጭነት መኪና ያለ ምልክት ይገባብኛል፤ አንድ እጄ መሪ ላይ ነው። ቁልፉን ተጭኜ እንዲህ አልኩ፦ «አዎ፣ እትዬ ዘይነባ፣ አዎ ነው። ለሁሉም ይንገሩልኝ፤ አንድም ሰው እንዳይሳሳት።»

ባልቴቷ ከኋላ ሆነው ቋንቋህ ያምራል አሉኝ። አመስግኜ ነዳሁ።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ዙር አመላለስኩ። መምረጫው የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ነው። ቆልፎኝ የኖረ ነገር ያን ቀን ተፈታ መሰለኝ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ሒጃብና ነጠላ በአንድ ወንበር ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ በክራንች የሚሄዱት አባት ደረጃውን ሲወጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሌላ ሰው ሲወስንላቸው የኖሩ ሰዎች ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ አየሁ። የመረጠ ሁሉ የኮክ ፍሬ ሥዕል ያለባት ተለጣፊ ይሰጠዋል። ደረታቸው ላይ ለጥፈው እየወጡ አንድ በአንድ ቫኑ ውስጥ ገቡ።

«አዎ ብለናል መምህር» አሉኝ በክራንች የሚሄዱት አባት።

«እናንተ ካላችሁማ አበቃ» አልኩ።

«ሁላችንም አዎ ብለናል» አሉ ከኋላ አንዲት ሴት።

አውራ ጣቴን አወጣሁላቸው። በመጨረሻው ዙር የመጡት እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ አዲሱን ጉርድና ሸሚዝ ለብሰዋል። ከማሽኑ ፊት ቆይተው ነው የወጡት። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ነበር። እኔ ደስታ ነው ብዬ አለፍኩት። ሁሉን ካደረስኩ በኋላ ራሴ ገባሁ፤ ስክሪኑ ላይ ማሻሻያው ይጽደቅ ወይ ይላል፤ ኖ የሚለውን ተረጋግቼ ነክቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ሱቅ ስገባ እትዬ ዘይነባ እየሰፉ ነው። ተለጣፊዋን ከደረታቸው አንስተው ስፌት መኪናቸው ላይ ለጥፈዋታል።

«አለፈ አሉ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ለጥቂት ነው አሉ። እንግዲህ የኛን ድርሻ አድርገናል፤ አላህ ያየዋል።»

ሳሚራ ጥግ ቆማለች። ፒችትሪ ኮርነርስ በምትባል ከተማ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በሥራ ቀን እዚህ ምን ትሠራለች ብዬ ሳልጨርስ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። ፓርኪንጉ ድረስ ተከተልኳት።

«መምህር፣ ላይክ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማሚ ምን ፕሬስ እንዳደረገች ታውቃለህ?»

«ኖ ነዋ።»

«የስ ነው ፕሬስ ያደረገችው። ሁሉም የስ ነው ያሉት። ሦስት ሰው ጋ ደውዬ ቼክ አደረግኩ።»

«ማን ነው የስ በሉ ያላቸው?»

ስልኳን አወጣችና ግሩፑን ከፈተች። የድምፅ መልእክት ነው። የላኩት እናቷ ናቸው፤ ከሥሩ ብዙ አውራ ጣትና ብዙ የጸሎት እጅ ተደርድሯል። ነካችው። የቫኔ ሞተር ይሰማል። ከዚያ አንድ በራሱ የሚተማመን ሰው እንዲህ አለ፦ «አዎ፣ እትዬ ዘይነባ፣ አዎ ነው። ለሁሉም ይንገሩልኝ፤ አንድም ሰው እንዳይሳሳት።»

የእትዬ ዘይነባ ጥያቄ አብሮት አልመጣም። ጥያቄው እኔ ስልክ ውስጥ ቀርቷል፤ መልሴ ብቻውን ተነሥቶ ሄዷል።

«ይሄ ድምፅ ያንተ ነው?» አለች ሳሚራ።

«ድምፁ የኔ ነው» አልኩ።

«ዲፈረንሱን አይተኸዋል? ትናንት በቫን ራይድ ከሰጠሃቸው ሰዎች ያንሳል።»

አይቼዋለሁ። ጠዋት ስልኬ ላይ ቆጥሬ ነበር፤ ያን ጊዜ የቆጠርኩት ሌላ አንድ ዙር ባመላልስ ኖሮ ብዬ ነው። አሁን አንድ ዙር ባላመላልስ ኖሮ ወደሚለው ተገለበጠ። አሥራ አንድ ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሳቅኩባቸው ልጆች ፊቴ ተደረደሩ።

«ለማሚ አልነገርኳትም፤ አይ ካንት» አለች። «ፈርስት ታይሟ ነው ቮት ስታደርግ። ስቲከሩን አይተኸዋል አይደል? አንተ ንገራት።»

እነግራቸዋለሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ባዶ እጄን መግባት ስላስፈራኝ አንድ ሱሪ በፌስታል ይዤ ነበር።

«ምን ላድርግልህ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። ተለጣፊዋን አየሁ። «በአንድ ጣት ያሳጥሩልኝ» አልኩ።

በሳምንቱ ሌላ ሱሪ ይዤ ሄድኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ። ያለኝ ሱሪ አራት ነው፤ አራቱም ሲያልቁ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። እትዬ ዘይነባ አልጠየቁኝም፤ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ። ዲሴምበር ሲገባ ቁርጭምጭሚቴ ብርድ ይመታው ጀመር። ጌታቸው «ወንዝ ልትሻገር ነው?» አለኝ።

ጌታቸው ራሱ ሌላ ፈተና ሆነብኝ። ሽንፈቱን አልተቀበለም፤ ምርመራ ጀምሯል። ሱቁ መሃል ቆሞ «ከመካከላችን ከሐዲ አለ። ይሄ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ አንድ ያስተባበረ ሰው አለ» ይላል። እውነቱን ነው፤ አለ። የኮንዶ ሰዎችን ይጠረጥራል፣ ጫማ አዳሹን ይጠረጥራል፣ አንድ ቀን የሳሚራን አሠሪ ሳይቀር ጠረጠረ። ዞር ብሎ «አንተ ምን ትላለህ መምህር?» ሲለኝ «መጣራት አለበት» አልኩት። የሚያጣራ ኮሚቴ ይቋቋም አለና ሰብሳቢ አድርጎ እኔን መረጠኝ። በአንድ ድምፅ አለፍኩ።

ገና ሳንጀምር ደብዳቤው መጣ። አዳራሹ ተሽጧል፤ ተከራዮች በስድሳ ቀን ውስጥ ይልቀቁ ይላል። ከታች አንድ ፊርማ ብቻ አለ። ወደ ከተማው ቢሮ ሄጄ ተቃውሟችንን የምናሰማበት ስብሰባ መቼ ነው ብዬ ጠየቅኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሑት ናት። ስብሰባው አሁን የለም፤ ሕዝቡ ራሱ ድምፅ ሰጥቶ አስቀርቶታል አለችኝ። ሕዝቡ ስትል እኔን እያየች ነበር፤ ከእኔ ሌላ ማንም አልተሰለፈም።

ቁልፍ ቀራጩ ሌላ ቦታ አገኘ። ጫማ አዳሹ ሽማግሌ ሥራ አቆሙ። እትዬ ዘይነባ ሦስት ሱቅ አይተው ሦስቱም ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። በመጨረሻው ቀን ዕቃቸውን ልጭን ቫኑን ይዤ ሄድኩ። ሳሚራ ካርቶን ይዛ ወጣች፤ ስታልፈኝ ቀና ብላ አላየችኝም። ሁለታችን ቀረን። ክፍሏ ባዶ ስትሆን እንዴት ጠባብ እንደነበረች ገረመኝ። እትዬ ዘይነባ ነጩን ጨርቅ እያጣጠፉ ነበር።

«እትዬ ዘይነባ» አልኩ፣ «አንድ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

«ሱሪ አይሁን እንጂ» አሉ። «መኪናውን ነቅለነዋል።»

ነገርኳቸው። ሀይዌዩን፣ የጭነት መኪናውን፣ አዎ ነው ያልኩትን፣ ምን ማለቴ እንደነበር፣ የስ ማለት በዚያ ስክሪን ላይ ይለወጥ ማለት እንደነበር፣ ሁሉንም። ይህን ጊዜ ሰላምታ አላበዛሁም፤ ሦስት ደቂቃ አልሞላም። እሳቸው ማጣጠፉን አላቋረጡም። ጨርቁን ጠርዝ ከጠርዝ አገጣጥመው፣ በእጃቸው ደልድለው፣ እንደገና አጠፉት።

«ጠርጥሬ ነበር» አሉ።

«መቼ?»

«ማሽኑ ፊት። ሁለት ነገር ተጽፏል፤ የስ እና ኖ። እነሱን አውቃቸዋለሁ። አልፈልግም የሚል ሰው እንዴት የስ ይላል ብዬ ጣቴን መለስኩት። ኖ ልነካ ነበር።» ጨርቁን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። «ከዚያ አንተን አሰብኩ። መምህር ነው፣ እንግሊዝኛውን ያውቀዋል፣ አንድም ሰው እንዳይሳሳት ብሏል አልኩ። ለሰዎቹም የላክኩላቸው እኔ ነኝ። እኔን አምነው ነው የነኩት።»

ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ አይሳሳቱም ነበር። ይህን በዚያች ሰዓት ከማወቅ ሌላ ማንኛውንም ነገር ብቀበል ይሻለኝ ነበር። አልቅሻለሁ፤ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ውጭ ሳሚራ የመኪናዋን በር ዘጋች።

«አልተቀየሙኝም?» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ።

ጨርቁን ክንዴ ላይ አስቀመጡት። ከቀጭን ጨርቅ ይህን ያህል ክብደት አልጠበቅኩም ነበር። «ይሄን ልጄ የምትተኛበት ክፍል አላስቀምጥም፤ አንተ ዘንድ ይቆይ። ሲያስፈልግ እደውልልሃለሁ፤ ታመጣዋለህ» አሉና ወጡ። ስፌት መኪናቸውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ተለጣፊዋ እላይዋ ላይ የለችም፤ የነበረችበት ቦታ ብቻ ከሌላው ነጣ ብሏል።

ጨርቁ አሁንም ቫኑ ውስጥ ነው፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ከኋላ ወንበር ሥር አስቀምጬዋለሁ። በሽተኞቼ እግራቸውን ይጭኑበታል፤ ምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ የስፌት ዕቃ ነው እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ደውለውልኛል። ሁለቱንም ጊዜ ወስጄላቸው ቆርጠው የተረፈውን መልሰው ሰጥተውኛል፤ ከዚህ የዘለለ አልተነጋገርንም። ሱሪዎቼን የሚያስረዝምልኝ ሰው አላገኘሁም። የትኛውን «አዎ» እንዳሉኝም እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።